ያለ ቦታው የተመጠጠ ከንፈር

አባቶቻችን ስለ አፍ ያልተረቱት ተረት የለም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ፤ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉ፤ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉ። ልብ ብላችሁት እንደሆነ ግን ሁሉም ከአፍ ስለሚወጣው ነገር ነው። ስለ አፍ ውስጡ፣ ስለ ድዱና ስለ ላንቃው አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ምናልባት የዚያን ጊዜ ሽማግሌዎች፣ እንደ ዛሬዎቹ የአትላንታ ሽማግሌዎች፣ ያገኙትን ሰው አስቁመው «እስቲ ይቺን እይልኝ» የማለት ልማድ አልነበራቸው ይሆናል። እኔ ግን የእንጀራዬ ነገር ሆኖ፣ አፍ ውስጥ ያለውን ሳይ ነው የምውለው።

ሥራዬ ከአትላንታ ወጣ ብሎ፣ ቻምብሊ ውስጥ፣ አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ረዳት ነኝ። ሐኪሙ ሲቦረቡር ምራቁን በቱቦ የምስበው፣ መብራቱን የማስተካክለው፣ «ትንሽ ብቻ ነው የሚያመው» እያልኩ የምዋሸው እኔ ነኝ። ይህንን ለወገኖቼ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ፤ ሰሚ የለም። «ዶክተር ሂሩት» ብለው ሾመውኛል፤ የሐበሻ ሹመት ደግሞ ማስረጃ አይጠየቅበትም። በሰርግ አዳራሽ፣ በልደት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ጠጋ ይሉኝና አፋቸውን ይከፍቱልኛል። ደመወዙን ለወንድሙ የማይነግር፣ ትክክለኛ ዕድሜውን ከሚስቱ ጋር ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ክትፎ በልቶ ሳይጉመጠመጥ መንጋጋውን ሲያሳየኝ ቅር አይለውም። ምን ላድርግ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ አያለሁ።

አሁን ስለ ከንፈር ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነውና። እኛ ከንፈር እንመጥጣለን። ሰው ሞተ ሲባል እንመጥጣለን፤ ሰው አገባ ሲባልም፣ ያገባትን ካወቅናት፣ እንመጥጣለን። የወደቀ ሕፃን፣ ያረረ ድስት፣ የትራፊክ ቅጣት የተለጠፈበት መኪና፣ ለሁሉም አንድ አንድ «እምጵ» ይደርሰዋል። ለእኛ ትርጉሙ «አይዞህ፣ አይቼልሃለሁ» ከማለት አይበልጥም። ለሌላው ሕዝብ ግን እንዲያ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የሜክሲኮ ሴትዮ ወንበሩ ላይ ተጋድመው፣ የተቦረቦረች ጥርሳቸውን አየሁና እንደ ልማዴ መጠጥኩ። ሴትዮዋ ከወንበሩ ቀና ብለው አማተቡ። ሐኪሙ ኋላ ጓዳ ጠርቶኝ «ፊትሽ ላይ ማስክ አለ፤ ድምፅሽ ላይ ግን የለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በሥራ ሰዓት ከንፈሬን ነክሼ ነው የምውለው። ከሥራ ሰዓት ውጪ ግን ማን ይከለክለኛል?

ጋሽ ጥላሁንና ባለቤታቸው እትዬ የሺ ጎረቤቶቼ ናቸው፤ እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እነሱ ምድር ቤት። ስማቸው ይህ አይደለም፤ በከንቱ እንዳትፈልጓቸው። ጋሽ ጥላሁን አገር ቤት በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ከአሥር ዓመት በፊት ዲቪ ደርሷቸው የመጡ፣ አሁን የሆቴል ሻትል ወደ ኤርፖርት የሚያመላልሱ፣ ስድሳን የተሻገሩ ቁጥብ ሰው ናቸው። አንዲት ልጃቸው አድጋ ሌላ ስቴት ናት። ባልና ሚስቱ ከአንድ ትሪ ሳይበሉ የዋሉበትን ቀን አላውቅም፤ እትዬ የሺ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሳቸው ሳያጎርሱ ራሳቸው አይቀምሱም። እኔ ባል ስለሌለኝ ይህን ሳይ አንዳንዴ እቀናለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ራቴን ቶሎ በልቼ እተኛለሁ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺ አሥራዎቹ አጋማሽ፣ በሁዳዴ ነው። አትላንታን በእነዚያ ሳምንታት ያየ ያውቃታል፤ ጥዶቹ አበባቸውን ያራግፉና ከተማው ቢጫ ይሆናል። ነጭ መኪና ያለው ሰው ለአንድ ወር ቢጫ መኪና ይነዳል። አስም ያለበት ሰው ደግሞ አበሳውን ያያል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከፓርኪንጋችን ቆሜ ያንን ፖለን ከመኪናዬ ላይ ሳጥብ ጋሽ ጥላሁን መጡ። ግራ ቀኝ አዩ፣ ወደ ቤታቸው መስኮትም አዩ፣ ከዚያ ተጠጉኝ።

«ሂሩትዬ፣ አንድ ነገር እይልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ ጋሼ።»

«ማንም ብዬሻለሁ። ለየሺም ቢሆን።»

አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ውስጥ፣ እስከ ላንቃቸው ድረስ፣ እርጎ የተረጨበት የሚመስል ነጭ ነገር ጣል ጣል ብሎበታል፤ ዳር ዳሩ ቀልቷል። አፍ ላይ የሚወጣ ፈንገስ ነው። በሥራ ቦታዬ ብዙ ጊዜ አየዋለሁ፤ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ግን ያቃጥላል፤ የምግብ ጣዕም ያጠፋል፤ በርበሬ የነካው ነገር ሁሉ እሳት ይሆናል። እኚህ ሰው ሽሮና ምስር ወጥ ብቻ በሚበላበት ወር በዚህ አፍ እንዴት ከረሙ ብዬ አሰብኩና አንጀቴን በሉት። አንጀቴን ሲበሉኝ ምን እንደማደርግ ነግሬአችኋለሁ።

መጠጥኩ።

ያውም ረዘም አድርጌ። ይህ አልበቃ ብሎኝ፣ እንደ ባለሙያ አንድ ነገር ልጨምር ብዬ «ጋሼ፣ ይሄማ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቢያየው ይሻላል» አልኳቸው። አፋቸውን ቀስ ብለው ዘጉ። «ገባኝ» አሉ። «እግዜር ይስጥሽ» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ። እኔም ምን እንደገባቸው ሳልጠይቅ መኪናዬን አጥቤ ጨረስኩና ገበያ ሄድኩ። ሽንኩርት ስመርጥ ነገሩን ረስቼዋለሁ።

የገባቸው ምን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በእኛ ዕድሜ አዲስ አበባ የኖረ ሰው የነጭ አፍን ትርጉም የተማረው ከሐኪም አይደለም፤ ከጎረቤት ነው። በዚያን ዘመን ሰው ይከሳል፤ ያስለዋል፤ ከዚያ አፉ ውስጥ ነጭ ይወጣበታል፤ ከዚያ ስሙ በሹክሹክታ ይጠራል፤ ከዚያ ድንኳን ይተከላል። «በሽታው» ነበር የምንለው፤ ስሙን እንኳ በሙሉ ድምፅ አንጠራም። የሚያኖረው መድኃኒት ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም። የከባድ መኪና ሾፌር ደግሞ ሳይታመምም ይታማ ነበር። ጋሽ ጥላሁን በዚያ መንገድ ላይ አብረዋቸው የነዱ ስንት ጓደኞቻቸውን ቀብረዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ አፉን በመስታወት እያየ ሲፈራ ከርሞ፣ በመጨረሻ «ዶክተሯ» አይታ ከንፈሯን ስትመጥጥለት፣ ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? ውጤቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ሰኞ ከሥራ ተመልሼ ጫማዬን ሳላወልቅ በሬ ተንኳኳ። እትዬ የሺ ናቸው። ፊታቸው ላይ ቁጣም እንባም አልነበረም፤ እንዲያውም ይህ ነው ያስፈራኝ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልቀመጥም አሉ።

«ሂሩት፣ ቅዳሜ ዕለት ምን አይተሽ ነው ከንፈርሽን የመጠጥሽው?»

«እትዬ፣ እኔ የሰው አፍ አይቼ ለሌላ ሰው...»

«ተይኝ። እሱ ራሱ ነግሮኛል። አንቺ የቀረውን ንገሪኝ።»

ከዚያ እንደ ቆሙ ነገሩኝ። ጋሽ ጥላሁን ከሦስት ሳምንት ጀምሮ አንዲት ሰማያዊ ኩባያ ለብቻቸው ለይተዋል። ራሳቸው ያጥቧታል፤ ከልብስ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጧታል። በሰሃን ለብቻቸው መብላት ጀምረዋል። ጉርሻ ሲሰጧቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀምረዋል፤ ሲጠየቁ «ሳሌ እንዳይቀሰቅስሽ» ይላሉ። «ሽሮዬን አቃጠለኝ አለኝ» አሉ እትዬ የሺ። «ዕድሜውን ሙሉ የበላውን ሽሮ። ሌላ ሴት ይዞ ነው አልኩ። ኋላ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ አስሙ፣ ማን ትወስደዋለች ብዬ ተውኩት።»

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጋሽ ጥላሁን መኪናውን ፓርክ አድርገው ሞተሩን አጠፉና አልወርድ አሉ። እዚያው መሪውን እንደ ያዙ ተናዘዙ። በአሰብ መንገድ፣ ሚሌ ላይ፣ አንዲት ሴት ነበረች፤ ልጃቸው ገና ጡት ሳትጥል። ሁለት ዓመት ያህል። «ይኸው ዛሬ መጣብኝ» አሏቸው። «ሂሩት አይታዋለች። ከንፈሯን መጠጠች። አንቺንም ሳልገድልሽ አልቀረሁም የሺ።» እና አለቀሱ። እትዬ የሺ «አባቱ ሲሞት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም» አሉኝ።

እኔ ለእሳቸው በሳብኩት ወንበር ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፣ ሌላ ቃል የለኝም። ሰው አክብሮ አፉን ከፍቶ ቢያሳየኝ፣ እኔ በአንዲት ድምፅ የሞት ፍርድ ሰጥቼ ሽንኩርት ልገዛ ሄጃለሁ።

«እትዬ፣ ፈንገስ ነው» አልኳቸው። «ሌላ ያየሁት ነገር የለም። የእርሾ ዘመድ ነው።»

«ሊጥ ውስጥ የሚገባው እርሾ?»

«ዘመዱ። እርስዎም አፍ ውስጥ አለ፣ እኔም አፍ ውስጥ አለ። ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ተሐዋስያን ልክ ያስገቡታል። እነሱ ሲዳከሙ ነው የሚነሣው። ሕፃናት ላይ ይወጣል፤ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይወጣል፤ አንቲባዮቲክ የከረመበት ሰው ላይ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሳያወልቅ የሚተኛ ሰው ላይ። ያም በሽታ አንዱ ምክንያት ነው፣ አልዋሽዎትም። ግን ከብዙዎቹ አንዱ ነው።»

አሰቡበት። «ሊጥ ሙቀት ላይ ረስተሽው እንደሄድሽ ማለት ነው።»

«ልክ እንደሱ።»

«ታዲያ የእሱን ማን ረሳው?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ሐኪም ቢጠይቀው የሚያኮራ ጥያቄ ነው። ለእሱ መልስ ፍለጋ አብረን ወደ ምድር ቤት ወረድን።

ጋሽ ጥላሁን ሶፋው ላይ ነበሩ፤ ሰማያዊዋ ኩባያ አጠገባቸው። እኔን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ከንፈሬን የመጠጥኩት በሽሮው ምክንያት እንደሆነ አስረዳሁ። በአዘኔታ አዩኝ፤ ሰው ለማጽናናት የምትዋሽ ልጅ መሰልኳቸው። ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ምንም።»

«ያ የምትነፋውስ?» አሉ እትዬ የሺ ከበሩ ሆነው።

«እሱ መድኃኒት ነው እንዴ? ነፋስ ነው።»

ነፋሱን ከኮታቸው ኪስ አወጡት። የአስም ፓፍ ነው፤ ያውም የሚያስታግሰው ዓይነት ሳይሆን በየቀኑ የሚወሰደው፣ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለት። ዛፎቹ ሳያብቡ፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ሐኪማቸው አዘዘላቸው።

«ከነፉ በኋላ ተጉመጥምጠው ይትፉ አልተባሉም?»

«ተብያለሁ።»

«እና?»

«በሁዳዴ?» አሉኝ። እኔ ጴንጤ እንደሆንኩ ትዝ አላቸውና ድምፃቸውን ለስለስ አደረጉ። «አንቺ አይገባሽም የኔ ልጅ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፌ አይዞርም። ነፋሱ ጾም አያስገድፍም፤ ውሃው ግን ያስገድፋል።»

ይህንን ቀኖና ማን እንዳወጣው ብጠይቅ፣ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ከመስታወቱ ፊት ቆመው፣ ፓፉን በአንድ እጅ፣ ብርጭቆውን በሌላ እጅ ይዘው፣ ብቻቸውን ጉባኤ ተቀምጠው ወሰኑ።

«እሺ፣ ማታስ ምን ያዘዎት?»

«ማታማ» አሉ፣ «የጠዋቱን ያልተጉመጠመጥኩ ሰውዬ የማታውን ብጉመጠመጥ ለይምሰል አይሆንብኝም?»

እንዲህ ነው እንግዲህ። መድኃኒቱ ሳንባን ሲጠብቅ ትንሽ ትንሹ ምላስና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ታጥቦ ካልወጣ የአፍን ጥበቃ ያዳክማል። በቀን አራት ጊዜ፣ ለአምስት ሳምንት። እሳቸው ሲጾሙ ፈንገሱ ፋሲካ ላይ ነበር።

እትዬ የሺ ይህን ሲሰሙ የበሩን መቃን ተደግፈው ተነፈሱ። ጋሽ ጥላሁን ግን አላመኑኝም። ፍርሃት አንዴ ከገባ ማስረጃ አይሰማም። «ጋሼ» አልኳቸው፣ «በዲቪ ሲመጡ ደምዎን ተመርምረው አልነበረም? ያኔ ያ በሽታ የተገኘበት ሰው ቪዛ አይሰጠውም ነበር እኮ።»

«ተመርምሬአለሁ።»

«ታዲያ?»

«ያኔ ተደብቆ ቢሆንስ? ወረቀቱ ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጦ ቢሆንስ?»

የሐኪም ማኅተም ያለበትን ወረቀት አሥር ዓመት ሙሉ ያላመነ ሰው፣ የእኔን ከንፈር በአንድ ደቂቃ አመነ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። «እንግዲያው እንመርመርና ይለይለት» አልኩ። እሺ አሉ፤ አንድ ነገር ግን አስቸገረ። ሐበሻ የሌለበት ቦታ ካልሆነ አልሄድም አሉ።

ይህ ደግሞ አትላንታ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። የእኛ ሰው ግማሹ የሚነዳ ነው፤ ግማሹ ሆስፒታል ነው። ካርድ የምታወጣልህ የክርስትና እናትህ ልጅ ናት፤ ግፊትህን የሚለካው የእድርህ ጸሐፊ ነው፤ በስልክ የሚያስተረጉምልህ ሰው ድምፅ ባለፈው ሰርግ ላይ መድረክ ሲመራ የሰማኸው ነው። ሽንት ስትሰጥ እንኳ በአማርኛ ነው የሚቀበሉህ። ስለዚህ ሳንዲ ስፕሪንግስ አንድ ክሊኒክ ደወልኩና «አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። በጣም ይቅርታ፣ የለንም አሉኝ። «በጣም ጥሩ፣ አመሰግናለሁ» አልኳቸው። ልጅቷ ግራ ቢገባትም አፖይንትመንቱን ሰጠችኝ።

ረቡዕ ፈቃድ ወስጄ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ጋሽ ጥላሁንን አይታ፣ ነጩን በእንጨት ጠረግ አድርጋ፣ ፈንገስ ነው አለች። ለምን እንደማይጉመጠመጡ ስትጠይቀኝ ሁዳዴን በሁለት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እናንተም አንድ ቀን ሞክሩት። ደሙም ለማንኛውም ይታይ አለች። ከዚያ በሩ ተከፈተና ደም የምትቀዳው ልጅ ገባች።

ሐበሻ ናት። ሥራ የጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ጋሽ ጥላሁን ግድግዳውን አዩ። እኔ መሬቱን አየሁ። ልጅቷ የታዘዘውን ምርመራ አነበበች፤ ምን እንደሆነ ልታውቅ እንደምትችል ሁላችንም እናውቃለን። ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። «ጋሼ፣ ክንድህን ሪላክስ አድርግልኝ፣ ኦኬ?» አለች። መርፌውን ስታስገባ ደግሞ «ፖለኑ ዘንድሮ ቴሪብል ነው አይደል? እኔም እኮ ዓይኔን ላወጣው ነው» አለቻቸው። ቀድታ፣ ጥጥ ለጥፋ፣ «አይዞህ» ብላ ወጣች። ዕድሜዋ የእኔን እኩሌታ አይሞላም። አንተ ብላ ስታናግራቸው ቅር ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው ግን እርስዎ እያልኩ ካደረስኩባቸው ጋር አስተያየሁትና ቅሬታዬን ዋጥኩት።

ውጤቱ ሃያ ደቂቃ ነው ተባልን። እትዬ የሺ ከባላቸው ሁለት ወንበር ርቀው ነበር የተቀመጡት፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ከእሁድ ጀምሮ ከሚያስፈልገው በላይ አላናገሯቸውም። ጋሽ ጥላሁን ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። ሃያው ደቂቃ ሳይሞላ፣ በሩ ገና ሳይከፈት፣ እትዬ የሺ ተነሥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ ያኔ «ምን ዓይነት እምነት ነው» ብዬ ተገረምኩ፤ ሴትዮዋ ምን እንደሚያውቁ አላወቅኩም ነበር።

ሐኪሟ መጥታ ነጻ ናቸው አለች። ጋሽ ጥላሁን «እርግጠኛ ናት ወይ በያት» አሉኝ፤ ጠየቅኳት፤ እርግጠኛ ናት። «እንደገና በያት» አሉኝ። ሐኪሟ ሁለተኛውን ሳልተረጉምላት ገባት መሰለኝ፣ ወረቀቱን አምጥታ በጣቷ አሳየቻቸው። ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጥቂት ቆዩ።

መድኃኒቱ በአፍ ተይዞ፣ ግራ ቀኝ ተንከባሎ የሚዋጥ ቢጫ ሽሮፕ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባታቸው ጋር ጨረሱ። ቄሱ «ለታመመ መድኃኒቱ ራሱ ተፈቅዷል፤ እንኳን የሚተፋ ውሃ» አሏቸው አሉ። «ለምን መጀመሪያውኑ አልጠየቅኸኝም?» ሲሏቸው ደግሞ «እንዲህ ላለች ትንሽ ነገር አባን አላስቸግርም ብዬ» አሉ። ለትንሽ ነገር ሰው ላለማስቸገር ስንል የምናመጣው ጣጣ ስንት ሰው ያስቸግራል።

ለፋሲካ አፋቸው ጽጌረዳ መሰለ። እዚያው ፓርኪንግ ላይ ከፍተው አሳዩኝ፤ እኔም ከንፈሬን ነክሼ «ንጹሕ ነው ጋሼ» አልኩ። ደስ አላቸው፤ ግን ደስታቸው ሙሉ አልነበረም። «ሂሩትዬ» አሉኝ ዝቅ ብለው፣ «ሦስት ቀን ብቻ ታግሼ ቢሆን ኖሮ እኮ...» ጨርሰው አልተናገሩትም። ፈንገሱ በሽሮፕ ሄደ፤ የሚሌዋ ሴት ግን አንዴ ወጥታለች፣ ወደ አፍ አትመለስም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ጥላሁን ሰሃን ያጥባሉ፤ ምንጣፉን በማሽን ይጠርጋሉ፤ እሁድ እሁድ የእትዬ የሺን ቦርሳ ይሸከማሉ። ሰማያዊዋን ኩባያ እትዬ የሺ የዕቃው ቁም ሣጥን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ደባልቀዋታል።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት እትዬ የሺን ገበያ ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ እንደገና ይቅርታ ልጠይቃቸው ጀመርኩ፤ በእኔ ከንፈር ምክንያት መስማት የማይገባቸውን ሰሙ ብዬ።

«ምን ሰማሁ?» አሉኝ በመስኮቱ እያዩ። «እኔ ያኔውኑ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሸሚዙ ላይ አንዲት ቁልፍ ተቆርጣ ነበር። ከአሰብ ሲመለስ ተተክላ መጣች። በጥቁር ክር። እኔ ቤት ጥቁር ክር አልነበረም።»

ወደ ገበያው መንገድ ታጠፍኩ።

«ልጄን ጎረቤት አስቀምጬ ሄጄ ተመረመርኩ» አሉ። «ስሜን ለውጬ። ያኔ እንደ አሁኑ ሃያ ደቂቃ መሰለሽ? ሁለት ሳምንት ጠብቂ አሉኝ። ሁለት ሳምንት ኩባያዬን ለየሁ። ልጄን አልሳምኳትም፤ አጠባት ነበርና ጡት አስጣልኳት። ጎረቤቶቼ ጨካኝ እናት አሉኝ። ኋላ ውጤቱ መጣና ነጻ ነሽ ተባልኩ። ከስድስት ወር በኋላ ሄጄ ደገምኩት። ከዚያ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ እሱም ቤቱ ገባ።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማን ይነገራል? ላንቺ ነው፣ አሁን።»

«ለጋሽ ጥላሁንስ? ከተናዘዙ በኋላ እንኳ?»

«ለምን ብዬ?» አሉ። «እሱ ዘንድሮ በሁዳዴ ይቅር ያልኩት ይመስለዋል። ይምሰለው። እኔ ይቅር ብዬው የጨረስኩት ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት ነው። እሁድ ዕለት ያናደደኝ ሴትዮዋ አይደለችም፤ ኩባያው ነው። ብቻውን ሆኖ እንደዚያ መፍራቱ። ምን እንደሚመስል እኔ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ደግሞ «ሰሃኑንም ደህና አድርጎ ነው የሚያጥበው» አሉ።

ቀይ መብራት ያዘን። ከንፈሬ ሊሄድ ሲል ያቺ ቅዳሜ ትዝ አለችኝና በጥርሴ ያዝኩት። እትዬ የሺ ዞር ብለው አዩኝ። ለካ ሁሉንም ነገር ያያሉ።

«ምጠጪ» አሉኝ። «ይኼኛውስ ይገባዋል።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። መጀመሪያ መጠጥኩላቸው፤ ከዚያ ነዳሁ።